ዋሱ ማን ነው?
(ከቡሬ የድምፅ ማጉያ እስከ ዘመኑ ተናጋሪ ማሽን)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚካሄደውን ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ወገን «ማሽኑ ያስባል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይበልጠናል» ይላል። ሌላው «እንዴ! ቆርቆሮ ደግሞ ምን ያስባል?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ወገን ግን ማስረጃ ሲያስፈልገው የሚሮጠው ወደ ካሊፎርኒያ ነው። ከጎጃም አንድ ምስክር የጠራ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

እኛ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች በዚህ ጽሑፍ ምስክር ልንጠራ ነው። ማሽኑ አዲስ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። የሚያስነሣው ጥያቄ ግን በሙሉ አዲስ አይደለም። አካል የሌለው ድምፅ፣ ፊቱ የማይታወቅ ገማች፣ የማይገባውን ቃል አጥርቶ የሚያነብ አንባቢ፣ «ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» ተብሎ በገበያ የታየ ፍጡር፤ እነዚህ ሁሉ አገራችንን ረግጠዋል። ያኔ የነበሩት ምን ጠየቁ? እኛስ ዛሬ ምን እንጠይቅ?

፩. ድምፅ ያለ አካል

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር በቡሬ የጣሊያን ጦር መሽጎ ተቀምጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገብተዋል። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣው ጦር ወደ ቡሬ ቀርቧል። ይህ ጦር ከ2,000 ሰው የማይበልጥ ሲሆን፣ በኮሎኔል ናታሌ ሥር በቡሬና በዙሪያዋ የነበረው የጣሊያን ሠራዊት ግን ብዙ ሺህ ነበር። ዊንጌት ጦሩን «ጌዴዎን» ያለው በከንቱ አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጌዴዎን በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት የበተነው በቀንደ መለከትና በማሰሮ ድምፅ ነው።

የቡሬው ጌዴዎንም ቀንደ መለከት ነበረው። ቀደም ሲል የጋዜጣ ዘጋቢ የነበረው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የቅስቀሳ ክፍል «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም፣ በራሪ ወረቀት ይበትን ነበር። ከዚህም ሌላ የድምፅ ማጉያ ነበረው። በጣሊያን ሥር ለተሰለፉት ያገር ተወላጆች፣ ከምሽጉ ውጪ ሆኖ በገዛ ቋንቋቸው «ንጉሣችሁ መጥተዋል፤ ውጡ» ይላቸዋል። የካቲት 25 ቀን ናታሌ ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ይህን ያደረገው ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው አንልም፤ የአርበኛው አድፍጦ መምታት፣ የዊንጌት የሌሊት ጥቃት፣ የጣሊያን አዛዦች ድንጋጤ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ትንሹ ጦር ከቁጥሩ በላይ ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ድምፅ ነበር።

እስቲ ምሽግ ውስጥ ያለውን ወታደር እናስበው። ከጨለማው ድምፅ ይመጣል። ያማርኛው ለዛ የሰው ነው፤ ሰውየው ግን አይታይም። ይህ ወታደር «ቀንዱ ያስባል ወይ?» ብሎ ይጨነቃል? አይጨነቅም። የሚጨነቀው «ይህ የማን ቃል ነው? ወጥቼ ብገኝ ማን ይቀበለኛል? ቃሉ ቢታጠፍ ማንን እይዛለሁ?» እያለ ነው። ቃሉን ያመነ ያመነው ከቀንዱ ጀርባ ንጉሡና ያገሩ አርበኞች መኖራቸውን ስለሰማ ነው። ያው ድምፅ ደግሞ የጦሩን ማነስ ይደብቅ ነበር። ስለዚህ አካል የሌለው ድምፅ እውነትንም ማታለልንም እኩል ይሸከማል። የሚለያቸው ከጀርባው የቆመው ነው።

፪. ዋስ ማለት ምን ማለት ነው?

ያገራችን ሰው ለዚህ ነገር የቆየ ቃል አለው፤ ዋስ ይለዋል። በድሮው ሙግት ተከራካሪዎች ዳኛ ፊት ሲቆሙ ዋስ ይጠሩ ነበር። ብድር ዋስ አለው፤ ዕርቅ ዋስ አለው። የነገር ትልቁ ፍሬ የሚናገረው ሰው አንደበቱ መርታቱ አይደለም፤ ቃሉ ቢወድቅ የሚወድቅ ሌላ ነገር አብሮት መኖሩ ነው። ዋስ የሚሆን ሰው መሬት ያለው፣ ከብት ያለው፣ በአገር የሚታወቅ ስም ያለው ነው። ምንም የሌለውን ሰው ዋስ አድርጎ የሚቀበል ዳኛ የለም። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያጣው ነገር ስለሌለው ነው።

ይኸን አስተሳሰብ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አልጣለውም። ስለ ዋስትና ከሚናገረው ክፍል ሌላ፣ በቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። በቁጥር 2081 ደግሞ የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። በሬው ያስብ ወይም አያስብ፣ ሕጉ ቆሞ አልፈላሰፈም። «የማን በሬ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

፫. አንድ ገመድ፣ ሁለት ታሪክ

የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወጣ። በወረቀት ሲታይ ሸጋ ነው፤ ግብሩ በገቢ ልክ ይገመታል፣ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል። ለግመታው ደግሞ ገማቾች ይሾማሉ። የጎጃም ገበሬ ግን «አይሆንም» ብሎ ተነሣ። ሞጣ ተነሣ፣ ዳሞት ተነሣ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ አዋጁም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ።

ያኔ ብዙ የከተማ ሰው ገበሬውን «ኋላ ቀር፣ ቁጥር የሚፈራ» አለው። እኛ ግን ገበሬው ቁጥርን የፈራ አይመስለንም። እህሉን በቁና የሚሰፍር፣ ዘመኑን በአቡሻኸር የሚያስቆጥር ሕዝብ ቁጥር አያስደነግጠውም። ያስደነገጠው ከግመታው ጀርባ የሚመጣው ነው። ዛሬ ገቢው ከተገመተ ነገ መሬቱ በቃላድ ይለካል፣ ከተለካ በኋላ ርስት ርስት መሆኑ ይቀራል ብሎ ነው። ቃላድ በደቡብ ስንቱን ባላገር በገዛ መሬቱ ጭሰኛ እንዳደረገው ወሬው ደርሶታል። ርስት በወረቀት የተጻፈ አልነበረም፤ በሽማግሌ ትዝታ፣ በትውልድ ቆጠራና በጎረቤት ምስክርነት የቆመ ነበር። ገማቹ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ሲያጥፈው፣ ቁጥሩ ቢሳሳት የሚከሰስ ሰው አይታይም።

አሁን ሌላውን ታሪክ እንይ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር የተለካው በገመድና በሜትር ነው። ኋላ በሁለተኛው ዙር ከሰማይ የተነሣ ፎቶ መጣ፤ ድንበር በፎቶው ላይ ይሠመራል። በወሬ ደረጃ ይህ ከ1960ው ግመታ ይበልጥ የሚያስፈራ ነው፤ ማሽን ከሰማይ ሆኖ መሬትህን ያየዋል! ሆኖም የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ደብተሩን ተቀበለ። በየድንበሩ ጠብና አቤቱታ አልጠፋም፤ አመጽ ግን አልሆነም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? አገዛዙ መለወጡ፣ መሬት ከአዋጅ ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ መባሉ አለ፤ ይህ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሌላው ግን በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው። ድንበር ሲለካ ከቀበሌው የተመረጠው ኮሚቴ ይገኛል፤ የግራና የቀኝ ተዋሳኝ ይጠራል። «ድንበሬ ይህ ነው» የሚለውን ቃል ጎረቤት በእግሩ ቆሞ ይመሰክራል፤ ውጤቱም ሰው አይቶ እንዲቃወም በይፋ ይለጠፋል። እንግዲህ መለኪያው ረቀቀ እንጂ አልቀነሰም፤ የጨመረው ዋሱ ነው። በ1960 የተጣለውና ኋላ የተቀበሉት ሁለቱም «መቆጠር» ናቸው። ያለ ዋስ የመጣውን ጣሉት፣ ከነዋሱ የመጣውን ተቀበሉት።

፬. ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት

«ይህ ሁሉ ስለ ኃላፊነት ነው፤ ዋናውን ጥያቄ ሸሻችሁ» የሚለን ባልንጀራ አይጠፋም። ማሽኑ ያስባል ወይስ አያስብም? አንሸሽም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ፣ በጽሑፍ ተነጋግረን ማሽኑን ከሰው መለየት ካቃተን ምን እንላለን? አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 መለሰለት። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በአንድ ክፍል ተዘግቶ፣ በመመሪያ መጽሐፍ እየተመራ ለቻይንኛ ጥያቄ የቻይንኛ መልስ ቢያወጣ፣ ውጪ ያለው «ያውቃል» ይላል፤ ውስጥ ያለው ግን አንድ ቃል አልገባውም አለ።

የሰርልን ምሳሌ ያገራችን ቄስ ቢሰማው ብዙ አይደንቀውም። በንባብ ቤት ያለ ሕፃን ዳዊቱን በግዕዝ ሲያንበለብለው ላየው ሊቅ ይመስላል፤ ትርጉሙን ግን ገና አያውቅም። የኛ የቆየ ትምህርት ይህን ልዩነት በስም ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ንባብ ሌላ ነው፣ ቅኔ ሌላ ነው፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። ጎጃም ስሙ የተጠራው ደግሞ በቅኔው ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ እማኝ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ማለትም ያወጣል ያወርዳል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሌላውን አምጥቶ የኔ ነው ማለት የባሰ ነውር። የሰውን ዕውቀት የሚፈትኑት በማንበልበሉ አይደለም፤ በሰሙ ሥር ወርቅ ማኖር በመቻሉ ነው።

የዛሬው ማሽን ከሁለቱ በየትኛው ቤት ይገኛል? የተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ከበቀቀን ጋር አመሳስላለች። ለኛ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ማሽኑ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ፣ ስላገራችን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሌለውን እንዳለ አድርጎ፣ ያውም በጨዋ አማርኛ ይነግርሃል። በቅኔ ቤት ቅኔ ማፍለቅን «ዘረፋ» ይሉታል፤ የማሽኑ ዘረፋ ግን ሌላ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም!

ነገር ግን እዚህ ላይ በቀቀን ብለን ስቀን ማለፍ አይበቃም። የንባብ ቤቱ ሕፃን እኮ ለዘላለም ንባብ ቤት አይቀርም። አባቶች ሳይገባው እንዲያነብ ያደረጉት ከንባቡ ውስጥ ማስተዋል ይበቅላል ብለው ነው። በማሽኑስ አይበቅልም ብሎ በርግጠኝነት የሚምል ማን ነው? እኛ አንምልም። የምንለው ሌላ ነው። ተማሪው ከንባብ ወደ ቅኔ ሲሻገር መንገዱ በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኗል፣ ውሻ ነክሶታል፣ ርቦታል፣ ናፍቋል። ቃሉ ከኑሮው ጋር ተጋጭቶ ነው ወርቅ ያወጣው። ማሽኑ ቃል አለው፤ ለቃሉ የከፈለው ግን ምንድን ነው?

፭. «ሰው ነው ወይስ ዕቃ?»

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ባገር ውስጥ የኛው ወጣቶች በሥራዋ እጃቸውን አስገብተዋል። የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶ ፕሮግራሟ መስተጓጎሉን የሰማ ሁሉ ስቋል። ከሳቁ በፊት ግን ሳዑዲ ዓረቢያ በ2010 መግቢያ ለዚችው ሮቦት «ዜግነት ሰጠኋት» ብላ ነበር። በዚያው ዘመን በዚያው አገር ስንት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ እንደነበር ማንም አይዘነጋም።

«ይህ ፍጡር ሰው ነው?» የሚለው ጥያቄ በጎጃም ምድር የተጠየቀው በፈላስፋ ጉባኤ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን በባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ ከመጣው ቡናና ከዝሆን ጥርስ ጎን፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ገዢው የሚያየው ጥርሱንና ክንዱን ነው። ነፍስ እንዳለው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አለማወቁ ስለሚጠቅመው ነው። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከቡሬ ድምፅ ማጉያ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ የሰውነት ጥያቄ ተጠቃሚው ብቻ ሲመልሰው መልሱ ይጠማል። አንድ ቀን የሚሰማውና የሚያመው ማሽን ቢመጣ፣ «ዕቃ ነው» ብሎ የሚፈርድ ባለፋብሪካው ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ከዚህ የቀረበ ነው። ኢትዮጵያ የተወለደችው ተመራማሪ አበባ ብርሃኔ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረባዋ ጋር እንደተከራከረችው፣ ስለ ሮቦት መብት ስንጨነቅ ማሽኑ የሚጎዳው ሰው እንዳይረሳ። ለማሽኑ ሰውነት መስጠት ለባለቤቱ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው የወሰነው» ለማለት ያመቻል።

፮. ዛሬ በኛ ቀዬ

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ስለ በቆሎ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ ይመክረዋል። ይህ አስተዋይ ማሽን አልነበረም፤ ሰው የተናገረውን መልሶ የሚያሰማ ነው። አሁን የሚመጣው ግን ራሱ ቃል ፈጥሮ የሚመልስ ነው። የቡሬ ገበሬ ስለ በርበሬው በሽታ ይጠይቀዋል እንበል። መልሱ ትክክል ከሆነ እሰየው፤ ብዙ ሊጠቅም ይችላል፣ ይህን አንክድም። የልማት ሠራተኛ በሌለበት ሌሊት የሚመክር መገኘቱ ቀላል አይደለም። ቢሳሳትስ? የልማት ሠራተኛው የተሳሳተ እንደሆነ ገበሬው በገበያ ያገኘዋል፣ በማኅበር ያገኘዋል፣ «አንተ ልጅ፣ አጠፋኸኝ» ይለዋል። ልጁም ያፍራል። ማሽኑን በየትኛው ገበያ ያገኙታል?

ይህ ምናብ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ነገር እንጥቀስ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና መኖሪያቸውን የሚያጋልጥ የጥላቻ ጽሑፍ በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። የክሱ አንዱ ፍሬ፣ ማሽኑ ጥላቻውን መርጦ አዛመተው የሚል ነው። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ በየነ። አስቡት! የባሕር ዳር ሰው ደም ዋስ ለመጥራት ናይሮቢ ድረስ ሄደ፤ ዋሱ ደግሞ ያለው ካሊፎርኒያ ነው።

ሁለተኛው እዚሁ ከኛው ከተማ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም በአየር ተመታች፤ ጥቃቱ የድሮን እንደሆነ ተገምቷል። ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪል ተናግረዋል። ስሟ የሰላም መንገድ ለሆነች ከተማ ይህን መጻፍ ይከብዳል። ድሮን በራሱ የሚያስብ አይደለም፤ ከሩቅ ሰው ይነዳዋል፣ ሰው ያዘዋል። ነገር ግን ዓለም አሁን የሚከራከረው ያንን ሰው ከመካከል ስለማውጣት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ዒላማውን ራሱ ስለሚመርጥ መሣሪያ የውሳኔ ሐሳብ አሳልፏል። በ1960 ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሰው እንዳለ ገበሬው ያውቅ ነበር። ዛሬ ከሰማይ የሚመጣው ነገር ሰው የለበትም። ነገ ደግሞ ትእዛዙም ሰው ላይኖርበት ነው። የሟች እናት «ማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ማንም አይደለም» የሚል መልስ ሊመጣ ነው። ከሞቱ ሁሉ የሚከፋው ሞት ገዳይ የሌለው ሞት ነው።

፯. ምን እንበል?

ማሽኑ ያስባል ወይስ አያስብም የሚለውን ክርክር አንጥለውም፤ ቅኔ ቤት ያደረሰን ያው ክርክር ነው። ነገር ግን ኑሮ መልሱን አይጠብቅም። ታሪካችን የሚያስተምረን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያውቃል?» ሳይሆን «ዋሱ ማን ነው?» መሆን እንዳለበት ነው። ዋስ የሌለው ዕውቀት የቱንም ያህል ቢረቅቅ ገማች ነው። ዋስ ያለው ማሽን ደግሞ አያስፈራንም። ደብተሩን እንደተቀበልነው እንቀበለዋለን።

ከኛ መካከል ነገ ዳኛ የሚሆን አለ፤ የቀበሌ ባለሙያ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ የሚሆን አለ። አንድ ቀን ጠረጴዛችን ላይ ማሽኑ ያወጣው ውሳኔ ይቀመጣል። ብድር ይሰጠው፣ አይሰጠው፤ ይታሰር፣ አይታሰር፤ ይለፍ፣ አይለፍ የሚል። ያን ጊዜ ባላገሩ ፊታችን ቆሞ «ለምን?» ሲለን «ሲስተሙ ነው» ብለን እጃችንን የምናነሣ ከሆነ፣ ከማሽኑ ይልቅ የምናስፈራው እኛ ነን። ወይ ዋስ ሆነን እንፈርማለን፣ ወይ አንፈርምም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ባልንጀራ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። በተለይ «ማሽኑ ራሱ አንድ ቀን ዋስ መሆን ይችላል» የሚል ካለ መልሱን ለመስማት ጓጉተናል። ምን ያጣል? የሚለውን ግን አይዝለልብን። እኛም ለጻፍነው ዋሱ እኛው ነን፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ታገኙናላችሁ።